ሲፒዩው ሥራ ፈት ሆኖ ሎዱ ከ30 በላይ የሚወጣ የኢሜይል ማጣሪያ ሰርቨር፦ መንስኤው ምን ሊሆን ይችላል?

ጥያቄ፦ ከገላን

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ከቃሊቲ አለፍ ብሎ ገላን ውስጥ በሚገኝ አንድ ማምረቻ ድርጅት የኢሜይል ሰርቨሩን የማስተዳደር ኃላፊነት በቅርቡ ተረክቤያለሁ። ሰርቨሩ በድርጅቱ ግቢ ውስጥ የተቀመጠ ሲሆን ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ሚሞሪና አንድ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አለው። የሚሠራው በዴቢያን ሊኑክስ ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን መልእክት ፖስትፊክስ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ይቀበላል፣ አማቪስ የተባለው አገናኝ ፕሮግራም ከፖስትፊክስ ተረክቦ በስፓምአሳሲን (የአይፈለጌ መልእክት ማጣሪያ) እና በክላምኤቪ (የቫይረስ መርማሪ) ያስመረምራል፣ ያለፈውንም መልሶ ለፖስትፊክስ ያስረክባል።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ሲሆን፣ ሁለተኛውና የባሰው ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው፤ ጀነሬተሩ ለማምረቻ ማሽኖቹ ብቻ ስለሚውልና ዩፒኤሱም ብዙ ስለማያቆይ፣ መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ከጠፋ ሰርቨሩም አብሮ ይጠፋል። በእነዚህ ጊዜያት ሎዱ (የሰርቨሩ የሥራ ጫና መለኪያ) ከ30 በላይ ይወጣል፣ ከሩቅ ለመግባት እንኳ ደቂቃዎችን መጠበቅ ግድ ይሆናል፣ መልእክቶችም በሰዓታት ይዘገያሉ። ከጅቡቲ የሚላክልን የጭነት ሰነድ በሰዓቱ ካልደረሰ የጉምሩክ አስተላላፊው ሥራውን መጀመር ስለማይችል፣ መዘግየቱ ለድርጅቱ ቀላል ጉዳት አይደለም። እኔን ግራ ያጋባኝ ግን በዚያው ሰዓት የሰርቨሩን ሁኔታ በሚያሳየው «ቶፕ» ላይ ስመለከት ሲፒዩው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ሆኖ መገኘቱ ነው።

የአማቪስ ፕሮሰሶች (በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን የሚሠሩ የፕሮግራሙ ቅጂዎች) ቁጥር አሁን 16 ነው። ከባልደረቦቼ አንዱ ቁጥሩን ወደ 30 ብናሳድገው ወረፋው ቶሎ ይቃለላል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ሌላው ደግሞ የምንለዋወጣቸው መልእክቶች በአብዛኛው በአማርኛ የተጻፉ በመሆናቸው ማጣሪያውን ያከብዱት ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። አዲስ ሰርቨር እንዲገዛ ለአስተዳደሩ ጥያቄ ከማቅረቤ በፊት፣ ምርመራውን ከየት መጀመር እንዳለብኝ ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከለገጣፎ

ጤና ይስጥልን። ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎት የፕሮሰሶቹን ቁጥር ከማሳደግ እንዲቆጠቡ ነው፤ ከገለጹት ሁኔታ እንደምረዳው ቁጥሩ አሁንም ቢሆን ማሽኑ ከሚሸከመው በላይ ነው።

በሊኑክስ ላይ ሎድ የምንለው ቁጥር የሲፒዩን ሥራ ብቻ አይለካም። ሲፒዩ እስኪደርሳቸው ተራ የሚጠብቁትን ፕሮሰሶች እንደሚቆጥር ሁሉ፣ ዲስኩ መልስ እስኪሰጣቸው ድረስ በማይቋረጥ እንቅልፍ የቆሙትንም ይቆጥራል። በ«ቶፕ» የመጀመሪያ መስመር ላይ የሚነበቡት ሦስት ቁጥሮች የዚሁ ድምር የ1፣ የ5 እና የ15 ደቂቃ አማካዮች ናቸው። ስለዚህ ሲፒዩው ሥራ ፈት ሆኖ ሎዱ 30 ከደረሰ፣ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ፕሮሰሶች በዲስኩ ደጃፍ ላይ ቆመዋል ማለት ነው፤ መጠየቅ ያለብዎትም «ሲፒዩው ለምን ደከመ?» ብለው ሳይሆን «ዲስኩን ማን ያዘው?» ብለው ነው።

ይህን ለማወቅ ጭነቱ በተነሣበት ሰዓት «ቪኤምስታት 5» የሚለውን ትእዛዝ ያስነሡና ለጥቂት ደቂቃ ይመልከቱት። «ኤስአይ» እና «ኤስኦ» የተባሉት ሁለት ዓምዶች ከስዋፕ (በዲስክ ላይ ካለው የሚሞሪ ማራዘሚያ) ወደ ሚሞሪና ከሚሞሪ ወደ ስዋፕ የሚመላለሰውን ያሳያሉ። ሁለቱም ያለማቋረጥ ከዜሮ በላይ ከሆኑ ሚሞሪው አልቆ ሰርቨሩ ዲስኩን እንደ ሚሞሪ እየተጠቀመበት ነው፤ የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ ለዚህ ሥራ እጅግ ዘገምተኛ ነው። ዓምዶቹ ዜሮ ሆነው «ዋ» የሚለው የመጠበቂያ መቶኛ ብቻ ከፍ ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነውና «አዮቶፕ»ን ተጠቅመው ብዙ የሚጽፈውን ፕሮሰስ ይፈልጉ።

እኔ የምጠረጥረው የመጀመሪያውን ነው፤ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የክላምኤቪ አገልጋይ የቫይረስ ፊርማዎቹን (የሚታወቁ ቫይረሶችን መለያ ምልክቶች) በሙሉ ሚሞሪ ውስጥ ስለሚይዝ እሱ ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል። ከዚህም በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው የ0.103 እትም ጀምሮ አዲስ የፊርማ መዝገብ ሲመጣለት አሮጌውን ሳይለቅ አዲሱን ከጎኑ ይጭናል፤ በዚያ ጊዜ ፍላጎቱ እጥፍ ይሆናል። እያንዳንዱ የአማቪስ ፕሮሰስ በበኩሉ የስፓምአሳሲንን ሕጎች በሙሉ የተሸከመ የፐርል ፕሮግራም ነው። ሲወለድ ከወላጁ ጋር የሚጋራው ሚሞሪ ቢኖርም፣ መልእክት በመረመረ ቁጥር የራሱ ድርሻ ያድጋልና ለአንዱ ወደ 100 ሜጋባይት ገደማ ማሰብ አይከፋም። 16 ፕሮሰሶች በዚህ ስሌት 1.6 ጊጋባይት ናቸው። ፖስትፊክስ፣ ተጠቃሚዎች መልእክታቸውን የሚያነቡበት አገልግሎትና ሥርዓተ ክወናው ራሱ ሲጨመሩበት 4 ጊጋባይት ከየት ይበቃል?

ስለዚህ በአማቪስ ቅንብር ውስጥ «ማክስ ሰርቨርስ» የሚለውን ወደ 3 ያውርዱ፤ ሳይነካ ሲተው 2 እንደሆነም ልብ ይበሉ። በፖስትፊክስ «ማስተር» ፋይል ውስጥ ወደ አማቪስ የሚወስደው መስመር የሚፈቅደው የፕሮሰስ ቁጥርም ከዚሁ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ፖስትፊክስ የማይቀበለው በር ላይ ቆሞ ያንኳኳና ጊዜው ሲያልፍ መልእክቱን ለሌላ ጊዜ ያቆየዋል። አንድ መልእክት ለመመርመር 2 ሰከንድ ቢፈጅ እንኳ፣ 3 ፕሮሰሶች በደቂቃ 90፣ በሰዓት 5,400 መልእክት ያስተናግዳሉ። ለአንድ ማምረቻ ድርጅት ይህ ከበቂ በላይ ይመስለኛል። ወረፋው ለጊዜው ቢረዝም ሊያስጨንቅዎት አይገባም፤ የፖስትፊክስ ወረፋ በዲስክ ላይ የተጻፈና ለመጠበቅ ተብሎ የተሠራ ነው። ማሽኑን የሚገድለው በሚሞሪ ውስጥ የሚደረግ ጥበቃ ነው።

አማርኛን በተመለከተ ባልደረባዎ ያነሡት ሐሳብ ከአንድ እውነት የተነሣ ነው፤ በዩቲኤፍ-8 (በተለመደው የፊደል ኮድ አሰጣጥ) አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ መልእክቱ «ኮትድ ፕሪንተብል» በተባለው መንገድ ሲላክ ደግሞ ያው ፊደል 9 ባይት ይሆናል። ሆኖም 2,000 ፊደል ያለው ደብዳቤ በዚህ ስሌት 18 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ በስካነር ከተነሣ አንድ ገጽ ሰነድ ያነሰ ማለት ነው። ጭነቱን ከዚያ አይፈልጉት።

መልስ፦ ከሰበታ

የለገጣፎው ባልደረባችን ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን 3 ፕሮሰስ ብቻ ያለውንም ሰርቨር ሊያንበረክክ የሚችል፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። በኢሜይል ሎጉ ውስጥ አማቪስ «ዋነኞቹ የቫይረስ መርማሪዎች ሁሉ አልሠሩም፤ ተጠባባቂዎቹን እያየሁ ነው» የሚል ትርጉም ያለው ማስጠንቀቂያ ጽፎ እንደሆነ በመጀመሪያ ይፈልጉ።

አማቪስ በመደበኛው ሁኔታ የሚያስመረምረው ፊርማዎቹን አስቀድሞ ጭኖ በሚጠብቀው በክላምኤቪ አገልጋይ ነው። አገልጋዩ መልስ ካልሰጠው ግን «ክላምስካን» የተባለውን የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም በተጠባባቂነት ይጠራል። ይህ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ መልእክት ከባዶ ይነሣል፣ የፊርማ መዝገቡን በሙሉ ከዲስክ አንብቦ ይጭናል፣ አንዲት አጭር መልእክት ይመረምርና ይሞታል። በዚህ መልክ እያንዳንዱ መልእክት ከ1 ጊጋባይት በላይ ሚሞሪና ረጅም የዲስክ ንባብ ይጠይቃል። እርስዎ ዘንድ ይህ በአንድ ጊዜ በ16 ፕሮሰሶች ሲፈጸም ያስቡት።

የሁለቱ ችግሮች ትስስር ደግሞ ጉዳዩን ያከፋዋል። ሚሞሪው ሲያልቅ ከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ብዙ ሚሞሪ የያዘውን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል፤ በእንዲህ ዓይነት ሰርቨር ላይ ያ ፕሮሰስ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የክላምኤቪ አገልጋይ ነው። አገልጋዩ እንደ ሞተ አማቪስ ክላምስካንን መጥራት ይጀምራል፣ ሚሞሪው የባሰ ያልቃል፣ ዳግም የተነሣው አገልጋይም ፊርማዎቹን ጭኖ ሳይጨርስ እንደገና ይገደላል። ከዚህ አዙሪት ሰርቨሩ በራሱ አይወጣም።

መፍትሔው በአማቪስ ቅንብር ውስጥ ያለውን የተጠባባቂ መርማሪዎች ዝርዝር ባዶ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ አገልጋዩ ባይኖር አማቪስ ጊዜያዊ ስሕተት ይመልሳል፣ ፖስትፊክስም መልእክቱን ይዞ ቆይቶ እንደገና ይሞክራል። ያልተመረመረ መልእክት አያልፍም፣ የሚጠፋም የለም። አገልጋዩ ፊርማ ሲያድስ ሁለት መዝገብ ጎን ለጎን እንዳይጭንም «ኮንከረንት ዳታቤዝ ሪሎድ» የሚለውን መቼት ይዝጉት፤ በእድሳቱ ወቅት ምርመራው ለአጭር ጊዜ ይቆማል እንጂ ሚሞሪው እጥፍ አይሆንም።

ከዚህ ሌላ የአማቪስን ጊዜያዊ የሥራ ማኅደር በሚሞሪ ላይ ወደተመሠረተ የፋይል ሥርዓት ቢያዛውሩት ለዲስኩ ትልቅ እፎይታ ይሆነዋል።

መልስ፦ ከለገጣፎ (በድጋሚ)

ስለ ክላምስካን የተሰጠው ማብራሪያ እጅግ ጠቃሚ ነው። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ግን አልስማማም። የአማቪስን ጊዜያዊ ማኅደር ወደ ሚሞሪ ማዛወር ሚሞሪ ለተረፈው ማሽን ተገቢ ምክር ነው፤ በ4 ጊጋባይት ላይ ግን የጎደለውን ነገር መልሶ ማጉደል ይሆናል። ጠያቂያችን ሚሞሪውን ወደ 8 ጊጋባይት ሲያሳድጉ ሊያስቡበት ይችላሉ፤ አሁን ጊዜው አይደለም።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ባልደረቦች እንዳይሳሳቱም በግልጽ ልጻፈው፤ የአማቪስ ማኅደር ቢጠፋ ችግር የለውም፣ ምክንያቱም ፖስትፊክስ ዋናውን ቅጂ በወረፋው ይዞ ይቆያል። የፖስትፊክስ ወረፋ ራሱ ግን በምንም ምክንያት ወደ ሚሞሪ መዛወር የለበትም። መብራት በማናቸውም ሰዓት ሊጠፋ በሚችልበት ቦታ፣ በሚሞሪ ያለ ወረፋ ማለት ላኪው ደርሷል ብሎ የተማመነበት መልእክት ያለ ምልክት መጥፋት ማለት ነው።

የዘነጋሁትን አንድ ነገር ልጨምር። ስፓምአሳሲን የተማረውን የሚያስቀምጥበት የቤየዝ መዝገብ ከተወሰነለት መጠን ሲያልፍ፣ እሱም በነባሪው 150,000 ቃላት ነው፣ መልእክት በመመርመር ላይ ያለው ፕሮሰስ ሥራውን አቋርጦ አሮጌዎቹን ያጸዳል፤ መዝገቡንም ለጊዜው ስለሚቆልፈው ሌሎቹ ይጠብቁታል። ይህን ራስ ገዝ ጽዳት ይዝጉትና ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በሰርቨሩ አቆጣጠር 02፡00 ላይ በክሮን (ሥራን በጊዜ ሰሌዳ በሚያስነሣው ፕሮግራም) እንዲከናወን ያድርጉት።

መልስ፦ ከቡራዩ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ማጣሪያው የገባውን መልእክት እንዴት እንደሚመረምር የሚመለከት ነው። እኔ ደግሞ ስንቱ መልእክት ወደዚያ መድረስ ነበረበት ብዬ እጠይቃለሁ፤ ወደ ሕዝባዊ ሰርቨር ከሚመጣው ግንኙነት ውስጥ ብዙው አይፈለጌ ነውና፣ በር ላይ መመለስ ሲገባው ገብቶ የሚመረመረው ሁሉ በከንቱ የወጣ ጉልበት ነው።

ሰርቨርዎ ለዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስሞችን ወደ አድራሻ ለሚፈታው ሥርዓት) ጥያቄ የሚጠቀመው ማንን እንደሆነ ይመልከቱ። 8.8.8.8ን ወይም 1.1.1.1ን የመሰለ ሕዝባዊ መላሽ ከሆነ፣ ስፓምሀውስ የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው የአይፈለጌ ላኪዎች የእገዳ ዝርዝር ለእርስዎ አይሠራም። ስፓምሀውስ በእንዲህ ዓይነት መላሾች በኩል የሚመጣን ጥያቄ አያስተናግድም፤ የሚመልሰው 127.255.255.254 የሚል የስሕተት ምልክት ነው። ይህ ምልክት ሁለት ዓይነት መዘዝ አለው። ቅንብሩ ምልክቱን ችላ የሚል ከሆነ አንድም አይፈለጌ ላኪ በር ላይ አይታገድም፣ ሁሉም ወደ አማቪስ ይገባል። ቅንብሩ ማናቸውንም መልስ እንደ እገዳ የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ ጤነኛውም መልእክት ሁሉ ይመለሳል። ስለዚህ በፖስትፊክስ ውስጥ የዝርዝሩን ስም ሲጽፉ ከ127.0.0.2 እስከ 127.0.0.11 ያሉትን መልሶች ብቻ እንዲቀበል አድርገው ይጻፉት።

ትክክለኛው መፍትሔ አንባውንድ የተባለውን የዲኤንኤስ መላሽ በራሱ በሰርቨሩ ላይ መጫን ነው፤ ጥያቄውን ለሌላ መላሽ የሚያስተላልፍ ሳይሆን ከስር ጀምሮ ራሱ የሚፈታ እንዲሆን አድርገው ያዋቅሩት። የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ውጭ አገር ደርሰው ስለሚመለሱ ሊዘገዩ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን መልሱን ስለሚያስታውስ ፍጥነቱ ይሻሻላል። ይህ ለሎዱም በቀጥታ ይጠቅማል፤ ስፓምአሳሲን አንድን የእገዳ ዝርዝር በነባሪው እስከ 15 ሰከንድ ሊጠብቅ ይችላል፣ በእነዚያ ሰከንዶችም ፕሮሰሱ ምንም ሳይሠራ ሚሞሪውን እንደያዘ ይቀመጣል። በእጅ የተጨመሩ አሮጌ ዝርዝሮች ካሉም ያውጧቸው። ለምሳሌ ሶርብስ እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘግቷል፤ ዛሬም ድረስ ስሙ ያልወጣባቸው ቅንብሮች ግን ጥቂት አይደሉም።

ከዚህ ቀጥሎ በፖስትፊክስ ውስጥ ከ2.8 እትም ጀምሮ የሚገኘውን «ፖስትስክሪን» ያብሩ። አንድ ቀላል ፕሮሰስ ብዙ ግንኙነቶችን ይዞ፣ ላኪው ሰላምታውን ሳይጠብቅ መናገር መጀመሩን በ6 ሰከንድ ውስጥ ይፈትናል፤ የተጠለፉ ኮምፒዩተሮች ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይጋለጣሉ። ጥልቅ የሚባሉትን ፈተናዎች ግን አሁን አያብሯቸው፤ ላኪውን ተመልሶ እንዲመጣ ያስገድዱታል፣ ከብዙ አድራሻዎች የሚልኩ ትልልቅ አገልግሎቶችም በዚህ ሳቢያ በጣም ይዘገያሉ። የጅቡቲው ሰነድ የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነት አገልግሎት ከሆነ ጉዳቱ ከጥቅሙ ያመዝናል። ፖስትስክሪን በ25 ቁጥር በር (ፖርት) ላይ ብቻ የሚቀመጥ ስለሆነም ሠራተኞችዎ መልእክት የሚልኩት በ587 መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።

በመጨረሻም ለሌለ ሰው የተላከ መልእክት ወደ ማጣሪያው መግባት የለበትም። ለማናቸውም ስም የተላከን ሁሉ የሚሰበስብ የወል ሳጥን ካለዎት ይዝጉት፤ ፖስትፊክስ ያሉትን ተቀባዮች ዝርዝር ካወቀ የቀረውን ገና በር ላይ ይመልሳል።

ከጠያቂው፦ ገላን

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። «ቪኤምስታት» የለገጣፎው ባልደረባችን እንደጠረጠሩት የስዋፕ ዓምዶቹን ያለ እረፍት አሳይቷል። የሰበታው ባልደረባችን የጠቀሱት ማስጠንቀቂያም በሎጉ ውስጥ በብዛት ተገኝቷል፤ ከእያንዳንዱ መግቢያው በፊት ከርነሉ የክላምኤቪን አገልጋይ እንደ ገደለ የሚገልጽ መስመር አለ። ፕሮሰሶቹን ወደ 3 አውርጄ፣ ተጠባባቂ መርማሪውን አስወግጄ፣ የፊርማ እድሳቱን መቼት ከዘጋሁ በኋላ የጠዋቱ ሎድ ከ3 አልዘለለም፤ ወረፋውም ከበፊቱ ይልቅ በፍጥነት እየቀለለ ነው። የዲኤንኤስ መላሹም በእርግጥ ሕዝባዊ ነበር። አንባውንድ ከተጫነ ወዲህ በር ላይ የሚመለሰው ግንኙነት በግልጽ ጨምሯል፣ ወደ አማቪስ የሚደርሰውም በዚያው ልክ ቀንሷል። አዲስ ሰርቨር የመግዛቱን ሐሳብ ትቼ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ብቻ እንዲጨመር ጠይቄያለሁ።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሎዱ እንደ በፊቱ 30 ባይደርስም አሁንም ለተወሰነ ጊዜ ከፍ ይላል፣ አማቪስም መርማሪ አላገኘሁም እያለ ብዙ መልእክቶችን ለሌላ ጊዜ ያቆያል። ይህ የሚጠበቅ ነው ወይስ ሊስተካከል የሚችል?

መልስ፦ ከሱሉልታ

ሊስተካከል የሚችል ነው። እኛም ዘንድ መብራት ተመሳሳይ ችግር ስለሚፈጥር በዚህ ላይ የተሻለ ልምድ አለኝ ብዬ አምናለሁ።

ሰርቨርዎ ጠፍቶ በቆየበት ጊዜ የላኪዎቹ ሰርቨሮች መልእክቶቻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ለምሳሌ ፖስትፊክስ በነባሪው ከ300 እስከ 4,000 ሰከንድ ባለው ልዩነት እየደጋገመ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሞክራል። ሰርቨርዎ እንደ ተነሣ ታዲያ የተጠራቀመው ሁሉ ተከታትሎ ይመጣል። በዚያው ቅጽበት የክላምኤቪ አገልጋይ ፊርማዎቹን ገና ከዲስክ እያነበበ ነው፤ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ይህ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ሲሆን፣ እስኪጠናቀቅም ድረስ ለአማቪስ መልስ መስጠት አይችልም። ፖስትፊክስ ግን ወዲያው ተነሥቶ መቀበል ስለሚጀምር፣ መልእክቱን በዲስክ ላይ መጻፍና የፊርማ ንባቡ እርስ በርስ ይሻማሉ።

ስለዚህ አነሣሣቸውን ያስተካክሉ። አንዱ አገልግሎት ከሌላው በኋላ ይነሣ ብሎ ማዘዝ ብቻውን አይበቃም፤ የክላምኤቪ ፕሮሰስ ተነሣ ማለት ዝግጁ ሆነ ማለት አይደለምና። አገልጋዩ «ፒንግ» ሲባል «ፖንግ» ብሎ የሚመልሰው ፊርማዎቹን ጭኖ ሲጨርስ ነው። በየጥቂት ሰከንዱ ይህን የምትጠይቅ አጭር ስክሪፕት ያዘጋጁና ፖስትፊክስ መልሱ እስኪመጣ ድረስ እንዳይነሣ ያድርጉት። ለእነዚያ ደቂቃዎች በሩ ዝግ መሆኑ የሚያሳጣዎት ነገር የለም፤ ላኪው በሚቀጥለው ሙከራው ያገኝዎታል። ከዚህ ጋር ፖስትፊክስ በአንድ ጊዜ የሚቀበላቸውን ግንኙነቶች የሚይዙትን ፕሮሰሶች ከነባሪው 100 ወደ 20 ቢያወርዱ፣ የተጠራቀመው መልእክት ማሽኑ በሚችለው መጠን ይገባል።

ዩፒኤስዎ በገመድ ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኝ ከሆነ ደግሞ «ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ»ን ይጫኑ። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ አገልግሎቶቹን በሥርዓት ዘግቶ እንዲጠፋ ያደርገዋል፤ የቤየዝ መዝገቡም በጽሑፍ መሐል ተቆርጦ ከመበላሸት ይድናል።